በስለት ስም ለዋና

ያን ቀን ጠዋት ፍራሽ እየገረፍኩ ነበር። ጥጡን ከጨርቁ አውጥቼ፣ ግቢው ላይ ሰሌን ዘርግቼ፣ በአርጩሜ ድም ድም አደርገዋለሁ። ጥጥ ካልተገረፈ ድንጋይ ይሆናላ። የስንት ዓመት አቧራ ነው የሚወጣው! አፍንጫዬም ፀጉሬም ቅንድቤም ነጭ ሆኗል። አጥር ለአጥር የምንኖረው የወሎዋ ጎረቤቴ መጣችና በሩ ላይ ቆማ ሳቀችብኝ።

«ምነው፣ ሰው ገደልሽ እንዴ? ድምፁ እኮ እኛ ቤት ድረስ ይሰማል።»

«ባሌ የተኛበት ፍራሽ ነው። በሕይወቱ ያልቀመሰውን እያቀመስኩት ነው» አልኳት።

ጻፊው፣ ምን ታይኛለሽ? አያትሽ ነው፣ ከሞተ ወዲያ አይቀየምም።

እሷም ሰሌኑ ጫፍ ላይ ቁጭ አለችና ጥጡን በእጇ እፍኝ አርጋ አነሳችው። አየችው፣ አየችው። «የባሕር አረፋ ይመስላል» አለች።

ይቺ ሴት አሰብ ነው የኖረችው። ባሏ ከወደቡ ጭነት የሚያመላልስ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። መንግሥት ሲለወጥ አሰብ የሌላ አገር ሆነችና ልጆቻቸውን ሰብስበው መጡ፤ ገርጂ፣ እኛ አጠገብ ቤት ተከራዩ። ባልየውም ከወንድሙ ጋር ሆኖ አንድ አነስ ያለ አሮጌ አውቶብስ ገዛ። ገርጂ ያኔ እንዳሁኑ እንዳይመስልሽ። ፎቅ የለ፣ ኮንዶሚኒየም የለ። ጭቃ፣ ባሕር ዛፍ፣ የሰው እርሻ፣ በቃ። ከመገናኛ ታክሲ የሚመጣው ጭቃው ሲፈቅድለት ነው። ከላያችን የቦሌ አውሮፕላን ጣሪያችንን እያንቀጠቀጠ ያልፋል፣ ከሥራችን ጫማችን ጭቃ ውስጥ ይቀራል።

ክረምት ላይ ከጣሪያ የሚወርደውን ውኃ በበርሜል እናጠራቅም ነበር። አንድ ቀን በአጥሩ ቀዳዳ ሳይ፣ እሷ ሁለት እጇን እስከ ብብቷ በርሜሉ ውስጥ ከታ፣ ጉንጯን ጠርዙ ላይ አስደግፋ ቆማለች። ልብስ አታጥብ፣ ምን አታደርግ። ዝም ብላ ብቻ። አልጠየቅኋትም። 

ኋላ ራሷ ነገረችኝ። አሰብ ላይ ሙቀቱ ሲያቃጥል፣ አመሻሽ ላይ ሴቶቹ ተጠራርተው ከነቀሚሳቸው ባሕር ይገባሉ። እዚያው ያወራሉ፣ እዚያው ይሳሳቃሉ፣ እዚያው ሰው ያማሉ። «አገሬ በመግባቴ ደስ ብሎኛል አልሐምዱሊላህ» አለችኝ፣ «ግን ሰውነቴ ደረቀ።»

እና ያን ቀን ጥጡን እያፍተለተለች እንዲህ አለችኝ፦ «ዝዋይ ሐይቅ መሃል ደሴት አለ ይላል ባሌ። ወጣቱ ሁሉ በጀልባ እየሄደ የሚዋኝበት። ቅዳሜ ቅዳሜ መኪናውን ያሳርፋል። እኔና አንቺ በጠዋት ወጥተን በማታ ብንመለስስ?»

«እኔ? ዋና? አበድሽ?»

«አስተምርሻለሁ። ውኃ ውስጥ ጉልበት አያምም፣ ወላሂ።»

የቀኝ ጉልበቴ ያኔም ያው ነው፣ ሲያሻው ይታዘዛል፣ ሲያሻው ያምፃል። እኔ ደግሞ ከቁርጭምጭሚት በላይ ውኃ ገብቼ አላውቅም። ልጅ ሆነን ወንዶቹ ወንዝ ውስጥ ራቁታቸውን ሲንቦጫረቁ፣ እኛ ሴቶቹ ጀርባችንን ሰጥተን ልብስ እናጥባለን። ያውም የነሱን ልብስ! እሱ ትዝ አለኝና አርጩሜዬን ጣልኩ። «እሺ» አልኳት። ግን የራሴ ዋና አይደለም እሺ ያሰኘኝ። ያን በርሜል ነው ያየሁት።

ከዚያ ዕቅድ ጀመርን። አንደኛ፣ ምን ለብሼ ልግባ? እሷ እንደለመደችው በቀሚሷ ትገባለች። እኔን ቀሚሱ ተጠምጥሞ ያሰምጠኛል አለች። ሳጥን ስበረብር የባሌ ባለ መስመር ፒጃማ ወጣ። ሱሪውም ኮቱም አለ። ሰውየው ሆዳም ስለነበር ሱሪው ሁለት እኔን ይይዛል። «ወገቡ ላይ ላስቲክ ይግባበት» አለች። ሁለተኛ፣ መንሳፈፊያ። ባሏ ከድሮው የከባድ መኪና ጎማ ውስጥ የወጣ፣ አየር የሚሞላ ትልቅ ላስቲክ ነበረው። «እዚያ ላይ ብትቀመጪ እንኳን ሐይቅ፣ ባሕር አይውጥሽም» አለ። ሦስተኛ፣ ጉማሬ። ዝዋይ ጉማሬ አለ። እሱን ጀልባ ነጂውን እንጠይቃለን ተባለ። አየሽ፣ ምንም አልቀረም። የቀረው ለሰው ምን እንበል ነው፤ እሱን ረሳነው።

የሱሪውን ላስቲክ ልገዛ ፊት ለፊታችን ወዳለው ሱቅ ሄድኩ። ባለሱቋ የመቀሌ ሴት ናት፣ እኩያዬ ናት፣ ዓይኗ እንደ ወንፊት ነው፣ ምንም አያሳልፍም።

«ላስቲኩ ለምንሽ ነው?»

«ለመንገድ።»

«ዋይ! ላስቲክ ስንቅ ሆነ? ወዴት ነው መንገዱ?»

«ዝዋይ።»

«ምን ልትሠሪ?»

ልጅ አድርሼ፣ ባል ቀብሬ፣ በዚህ ዕድሜዬ «ልዋኝ» ልበላት? ምላሴ ራሷ ሄደች። «ደሴቱ ላይ ቤተ ክርስቲያን አለ። ስለት አለብኝ» አልኩ።

«የምን ስለት?»

«የጉልበቴ።»

«ዳነልሽ እንዴ?»

እዚህ ላይ ነው ጉዱ። ስለት እኮ የሚገባው የለመንሽው ሲደርስልሽ ነው። ያልዳነ ጉልበት ይዞ ስለት የሚያስገባ የት አለ? «ዳነ!» አልኳት። እሷም ባንኮኒው ላይ ክንዷን አስደገፈችና «እስቲ ሂጂ ልይሽ» አለችኝ። ከሱቁ እስከ በሬ ምላሴን ነክሼ፣ እንደ ወታደር ቀጥ ብዬ ሄድኩ። በሩን ዘግቼ ፍራሹ ላይ ወደቅሁ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰፈሩ በሙሉ ጉልበቴን ያያል። ወፍጮ ቤት ስሄድ ያያል፣ ቀበሌ ስሄድ ያያል። እኔ ማነከስ ክልክል ሆነብኝ። ለማነከስ እንኳ እቤቴ ገብቼ በር እዘጋለሁ! እግዜርንም አንድ ቀን «ያልሰጠኸኝን ነው እያመሰገንኩህ ያለሁት፣ ቅር እንዳይልህ» ብዬዋለሁ።

ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይላሉ፤ የኔ ግን እያደር ከበደ። ስለት ይዞ የሚሄድ ሰው ከተገኘ ሰው ሁሉ አደራውን ይሰጣል። አደራ ደግሞ እምቢ አይባልም። አንዷ ጧፍ ታመጣለች፣ አንዷ ዕጣን ታመጣለች፤ ባለሱቋ ራሷ ወርቃማ ዘርፍ ያለው ጃንጥላ ይዛ መጣች፣ «ልጄ ከጦር ሜዳ በደህና ከገባልኝ ብዬ የተሳልኩት ነው፣ ስሜን አስጠሪልኝ» ብላ።  የኔ ውሸት ነው፣ የሷ እኮ እውነት ነው።

በሦስተኛው ቀን የእድሩ ዳኛ መጡ። እሳቸው ሳይገቡበት ሰፈር ውስጥ ድመት እንኳ አትወልድም። «እሜቴ፣ እንዲህ ያለ በረከት ለብቻ አይሆንም። እድሩ በሙሉ ይሄዳል፣ አባንም ይዘን። ከእድር በኋላ እንመካከራለን» ብለው ሄዱ። አባ የሰፈሩ ቄስ ናቸው። እኔና ጎረቤቴ በአጥሩ ቀዳዳ ተያየን።

«ዋና ብለን ንግሥ ሆነብን» አለችኝ።

እሑድ ተሰበሰብን። ዳኛው ቁጭ ብለው ስንቁን፣ መቀመጫውን፣ መነሻውን ሲያከፋፍሉ ቆዩና ወደ ጎረቤቴ ዞሩ። «ሾፌሩ ግድ ነው፣ ይንዳ። ሴትዮዋ ግን … የስለት ጉዞ ነው። እስላም ታቦት ደጅ ምን ትሠራለች?»

እሷ አልተቆጣችም። «ጋሼ፣ የእናቴ ወንድም ቄስ ነው። እኛ ወሎዎች ለአረፋም ለገናም በልተን ነው ያደግነው። ግን ካልተመቻችሁ እቀራለሁ» አለች። ይህን ብላ መሬት መሬቱን አየች።

የራሷ ሐሳብ፣ የራሷ ባል መኪና፣ የራሷ ውኃ! የኔ ውሸት ከራሷ መንገድ ሊያስቀራት! ተነሣሁና «ዋይ ጉልበቴ!» ብዬ አግዳሚው ላይ ዘፍ አልኩ።

«ምን ሆኑ እሜቴ?»

«ተመለሰብኝ! እንዴት አይመለስብኝ? ስለቱን ስሳል እግሬን ይዛ ያሸችኝ እሷ ናት። ‹ከዳነልኝ ከዚች ሴት ጋር እመጣለሁ› ብዬ ነው የተሳልኩት። እሷ ከቀረች የኔ ስለት ምን ሊሆን ነው?»

ሰዉ አማተበ። በስለት የሚቀልድ የለማ። ባለሱቋ ብቻ በጎን አየችኝ። «ለኔ እንዲህ አላልሽኝም ነበር።»

«አልጠየቅሽኝማ!»

ሾፌሩ በሩ ላይ እንደቆመ ጉሮሮውን ጠረገ። «ጋሼ፣ መኪናው ሃይማኖት የለውም። ባለመኪናው ግን ሚስት አለችው።»

ሰው ሳቀ፤ ዳኛው ሳይወዱ በግድ አብረው ሳቁ። ነገሩ አለቀ። በማግሥቱ ደግሞ እኔ እንደገና መዳን ነበረብኝ።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ተነሣን፤ ባለሱቋ ብቻ ሱቋን የሚጠብቅላት አጥታ ቀረች። መዝሙሩ፣ እልልታው፣ የጃንጥላው ዘርፍ በመስኮት ሲውለበለብ! ደብረ ዘይትን አለፍን፣ ሞጆን አለፍን፣ እኔ ከቀሚሴ ሥር ፒጃማውን ለብሼ ላብ በላብ ሆኛለሁ። ዝዋይ ስንደርስ ሾፌሩ የጎማውን ላስቲክ ጎሚስታ ጋ ወስዶ አስነፋውና ተሸክሞ ወደ ጀልባው አመጣው።

ዳኛው ዓይናቸው ፈጠጠ። «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«መቀመጫዬ ነው ጋሼ። ጀልባው እንጨት ነው ብለውኝ፣ ለወገቤ።»

አባ ሰሙ። «እሰይ! የኔንስ ወገብ ማን ያስበው ነበር?» አሉና ሄደው ቁጭ አሉበት። ቄስ ተነሡ ይባላል? መንሳፈፊያዬ በካህን ተያዘ።

ሐይቁን ስንሻገር ነፋሱ ደስ ይላል፤ እሷ ግን ውኃውን ብቻ ነው የምታየው፣ ጣቷን በጀልባው ጠርዝ አሳልፋ እየነከረች። ደሴቱ ጋ ስንደርስ ነጂው ሞተሩን አጠፋ። ጀልባዋ በዝምታ ትንሸራተታለች። አባ «አቡነ ዘበሰማያት» ሊያስጀምሩ ተመቻችተው ሲቀመጡ፣ ከሥራቸው፣ ጥዝዝዝ … ፕርርርር!

ማን ደፍሮ ይሳቅ? ሁሉም ሐይቁን ማየት ጀመረ። ዳኛው አሳላቸው። አባ ትንሽ ከፍ አሉ፣ ፕር! ዝቅ አሉ፣ ፕርር! እሷ ሻሿን ፊቷ ላይ ጣል አርጋ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። አጠገቧ ያለችው ሴትዮ ጀርባዋን እየደባበሰች «አያችሁ፣ እስላሟን እንኳ መንፈስ ነካት» አለች። እኔ ነጠላዬን በአፌ ጎረስኩት። አሁን ድረስ ቅዳሴ ላይ ትዝ ሲለኝ ወጥቼ እመለሳለሁ።

ቤተ ክርስቲያኑ ዳገት ላይ ነው። ያን ዳገት ሰው ሁሉ ዓይኑን ጉልበቴ ላይ ተክሎብኝ ስወጣ፣ የእውነት ስለት ብሳል ኖሮ እዚያ ላይ ነበር የምሳለው። ጎረቤቴ ከባሏ ጋር ከታች ዛፍ ሥር ቀረች። አደራውን ሁሉ አስረከብኩ። የባለሱቋን ጃንጥላ በሁለት እጄ ሰጥቼ ስሟን ከነልጇ አስጠራሁ። ከዚያ ወርደን ተበላ፣ ተጠጣ፣ ፀሐዩ ከረረ፣ ሰው ጥላ ጥላውን ይዞ ጋደም አለ።

«ዕቃ እናጥባለን» አልኩ። ዕቃ የሚያጥብ ሴት ማንም ወዴት ነሽ አይላትም። ሳህንና ዋንጫውን በመሶብ ክዳን ተሸክመን ከትልቁ ድንጋይ ኋላ ዞርን። ጀልባ ነጂው «ጉማሬው በወዲያኛው በኩል ነው፣ በዚህ አይመጣም» ብሎናል።

እሷ ሳህኑን እንኳ መሬት አላስነካችው፤ ለኔ ጭና ገባች። እስከ ጉልበቷ፣ እስከ ወገቧ፣ እስከ አንገቷ፣ ከዚያ ጠፋች። ኧረ ጠፋች! የማውቀውን ቅዱስ ሁሉ ጠራሁ፣ የማላውቀውንም ጨመርኩ። ከሩቅ እንደ ዳክዬ ብቅ አለች። ያን ፊት ገርጂ ላይ አንድም ቀን አይቼው አላውቅም። ስታለቅስ ነው ስትስቅ ነው፣ ውኃው ስላለ አይለይም። ተመልሳ መጣችና እጇን ዘረጋችልኝ።

«ነይ።»

ቀሚሴን አውልቄ በፒጃማ ገባሁ። ብርዱ! በጀርባዬ አስተኛችኝ።

«ጭንቅላትሽን ስጪኝ።»

«ጭንቅላቴማ የኔ ነው!»

«ስጪኝ አልኩሽ። እንደ ትራስ ጣይው።»

ጣልኩት። በዚህ ጊዜ ሱሪው ውስጥ አየር ገባና ሁለቱ እግሮቹ ፊኛ ሆነው ቦግ አሉ። ከፍ አልኩ፤ ተንሳፈፍኩ! ሰውየው በሕይወቱ አንድ ቀን አንስቶኝ አያውቅም፣ ሞቶ ተሸከመኝ። ጉልበቴ የለም። እንጃ፣ እንዴት ልንገርሽ፣ አልዳነም፣ የለም። እንደ ሌላ ሰው ጉልበት ሆነ። እሷ እጇን ከጀርባዬ ሥር አወጣች፣ እኔ አላወቅኩም።

«እሜቴ! ምን ጉድ ነው የማየው?»

ዳኛው ናቸው። ዋንጫቸውን ፍለጋ መጥተው። እኔ በጀርባዬ ስለሆንኩ እሳቸውን ተገልብጠው ነው የማያቸው፤ እንዲያውም እንደዚያ ያምርባቸዋል።

«ጉልበቴን እያጠብኩ ነው ጋሼ።»

«አባ! አባ! ይምጡና ይዩልኝ፣ ስለት ብላ ለዋና!»

አባ የተነፈሰውን ላስቲክ በብብታቸው ይዘው መጡ። እኔ ቆሜ ፒጃማዬ ይንጠባጠባል። እሷ ራቅ ብላ ቆማለች፣ ፊቷ ያን ደስታውን ሊጥል ነው። «ጥፋቱ የኔ ነው አባ» አለች፣ «እኔ ነኝ ያመጣኋት።» 

አባ እሷን አዩ፣ ውኃውን አዩ።

«እኔ የጣና ልጅ ነኝ» አሉ። «ጎማ ላይ ተቀምጬ የተቀመጥኩበትን የማላውቅ መሰላችሁ? ጠዋት ብትነግሩኝ አልቀመጥበትም ነበር። አሁን ይኸው ተነፈሰ።» ወደ ዳኛው ዞሩ። «ስለቷን አስገብታለች? አስገብታለች። ከዚያ በኋላ ያለው ሰዓት የራሷ ነው። እርስዎ ዋንጫዎን ይውሰዱ።»

አባ ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ፣ ጫማቸውን አወለቁ፣ እግራቸውን ውኃ ውስጥ ከተቱ። «አንቺ ልጅ፣ እስቲ ወደዚያ ጥልቁ ድረስ ሂጂና ተመለሽ፣ ልይሽ» አሏት። ሄደች። ውኃውን ስትቀደው ድምፅ እንኳ የላትም። ዳኛው ዋንጫቸውን ይዘው ቆመው ቀሩ። ሄዱም አልሄዱም፣ እሷ እስክትመለስ ቆመው አዩ።

ስንመለስ ዳኛው ያዩትን ለማንም አልተናገሩም። ቄስ እግራቸውን የነከሩበትን ነገር ምን ብለው ያውሩት? እሷ ትከሻዬ ላይ ተኝታ፣ ሻሿ ቀሚሴን አራሰው። ከዚያ ወዲያ ክረምት ላይ በርሜሉ ጋ መቆሟን አልተወችም። ግን አሁን በአጥሩ ትጠራኛለች፣ «ነይ፣ አንቺም እጅሽን አስገቢ» ብላ።

እሑድ ጠዋት ፒጃማውን አጥቤ ገመድ ላይ ሰጣሁት። መበለት መሆኔን ረስቼ! በሩ ክፍት ነው፣ ባለሱቋ ባንኮኒዋ ላይ ሆና ታያለች። መንገዱን ተሻግራ መጣች።

«ጃንጥላዬ ደረሰ?»

«ደረሰ። ስምሽን አስጠርቻለሁ፣ የልጅሽንም።»

«እግዜር ይስጥሽ» አለችና ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። ከዚያ ገመዱ ጋ ሄዳ የሱሪውን ወገብ ዘረጋች። የራሷን ላስቲክ አወቀችው። ከኪሱ ውስጥ የሐይቅ ሣር መዝዛ አወጣች፣ አሸተተችው፣ ወደ ጉልበቴ አየች፣ ወደ አጥሩ ማዶ አየች። 

ሣሩን ኪሱ ውስጥ መለሰችው። «እኔም እኮ ወገቤን ያመኛል» አለችኝ። «ለከርሞ እሱን እሳላለሁ። ይሄን ፒጃማ ለማንም እንዳትሰጪ።»